የአያ ማሩ ቅጠል

ሸዋረግ ላም ልታልብ ስትቀመጥ መጀመሪያ የምታየው የላሚቱን ጡት ሳይሆን ፊቷን ነው። ጡቷን ያመማት ላም ባልዲው ገና ሲቀርብ ጆሮዋን ታዞራለች፣ የኋላ እግሯን ሰብሰብ ታደርጋለች። «ሐኪም ሳይነግረኝ እሷው ትነግረኛለች» ትላለች ሸዋረግ። ቀጥላ የእጇን ጀርባ በአራቱም ጡቶች ላይ በየተራ ታሳርፋለች፤ አንዱ ከጓደኞቹ ሞቅ ካለ ወዮለት! ከዚያ ከእያንዳንዱ ጡት ሁለት ሁለት ጊዜ በጥቁር የቀለም ቆርቆሮ ክዳን ላይ ታልብና ወደ ብርሃን ዘወር ብላ ትመረምረዋለች። ብጥስጥስ ያለ ነገር ካየች የዚያን ቀን ከዚያ ቤት ሣቅ አይሰማም። ካላየች ግን መዝፈን ትጀምራለች፤ ድምጿ ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ላሞች ብቻ የሚታገሡት ዓይነት ነው።

ቤቷ ፀዳ በምትባል ቦታ ነው፤ ከአዘዞ አለፍ ብሎ፣ ጎንደር ከተማ እየገፋች ማሳውን ሁሉ ቆርቆሮ ያለበሰችበት ሰፈር። ከሠላሳ ዓመት በፊት ግንበኛውን ይባረክን አግብታ ከመካነ ብርሃን ስትወርድ ዙሪያዋ ጤፍና ሽምብራ ነበር፤ ዛሬ ዙሪያዋ የጎረቤት ግድግዳ ነው። ይባረክ በጓሮ በገነባላት በረት ሦስት ላሞች አሏት። የሁሉም እመቤት ሽልማት ናት፤ ግማሽ ደሟ የውጭ፣ ግማሹ የፎገራ፣ ጥቁርና ነጭ መልክ ያላት ጨዋ ላም። ሸዋረግ የቤቱን ጉዳይ ከባሏ በፊት ለሽልማት ነው የምታወራው። ይባረክም «ሽልማት ሰምታ ያልወሰነችበት ነገር እኔ ዘንድ አይደርስም» እያለ ይቀልዳል፤ አልተሳሳተም።

ሰፈሩ የሚያውቃት ግን በላሞቿ ብቻ አይደለም። ሸዋረግ መድኃኒት አዋቂ ናት። የላም ጡት አብጦ ሲደነድን፣ ወተቱ ሲበጣጠስ፣ ሰው በሯን ያንኳኳል። እሷም ወቅጣ፣ ጨምቃ፣ በንጹሕ ጨርቅ አጥልላ ትሰጣለች። ቅጠሉ ምን እንደሆነ የጠየቃት ሁሉ መልስ ያገኛል። አንዱን «ግራዋ ነው» ትለዋለች፣ ሌላውን «እንዶድ ነው»፣ ሦስተኛውን «ስሙን ቆላ ሲወርዱ እንጂ ደጋ አያውቁትም» ትለዋለች። ሁሉም ውሸት ነው።

ይህ ክፋት እንዳይመስላችሁ፤ ደንብ ነው። ባገሯ በጃናሞራ መድኃኒት የሚቆርጥ ሰው ማልዶ ከማንም ጋር ሳይነጋገር ይወጣል። ሲመለስ ግን በእጁ አንድ ዓይነት ቅጠል ብቻ አይታይም፤ ግራዋውንም፣ ጤና አዳሙንም፣ የመንገድ ዳር አረሙንም ደራርቦ ታቅፎ ይመጣል። ከዚያ ሁሉ መድኃኒቱ አንዱ ነው፤ ሌላው ማሳቻ ነው። ስሙ በአፍ የወጣ መድኃኒት ይረክሳል፣ ኃይሉ ይሸሻል ይባላል። ስለዚህ ለጠያቂ ማሳቻውን መስጠት እንደ ሐሰት አይቆጠርም፤ ነፍስ አባትም ስለሱ ንስሐ አይሰጥም። ጠያቂውም ቢሆን የተነገረው ነገር እውነት እንዳልሆነ ልቡ ያውቀዋል፤ አመስግኖ ይሄዳል።

ይህን ሙያ ያወረሷት አባቷ አያ ማሩ ናቸው። አያ ማሩ ከጃናሞራ አልፎ ስማቸው የተጠራ የከብት አዋቂ ነበሩ። ሊያርፉ ሦስት ቀን ሲቀራቸው ሰዉን ሁሉ አስወጥተው እሷን አስጠሩ። ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ ጆሮዋን አስጠግተው የቅጠሉን ስም ነገሯት። «ለአንቺ ብቻ ነው። ከአፍሽ እንዳይወጣ» ብለው በገብርኤል አስማሏት። በኋላ መሬቱንና በሬውን ወንድሞቿ ሲካፈሉ ሸዋረግ ቅር አላላትም። አባቷ ከአራት ልጆች መርጠው ምሥጢራቸውን ለእሷ ሰጥተዋል፤ ከሁሉ አብልጠው ወደዋታል ማለት ነው። ሰው ልቡን የሚያሞቅበት አንድ እንዲህ ያለ ነገር ካለው ሌላው ዕዳው ገብስ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ ስትሞቅ ኖረች።

ዘመኑ ግን የመርፌ ዘመን ሆነ። በሰፈሩ ላሙ የታመመችበት ሁሉ ብልቃጥ ገዝቶ ይመጣል፣ ጎረቤቱ ይወጋለታል፣ በሁለተኛው ቀን እብጠቱ ሲቀንስ የተረፈውን ለሚቀጥለው ጊዜ መስኮት ላይ ያስቀምጣል። ሸዋረግ በመርፌ አትስቅም፤ ራሷም ሸምታ ታውቃለች። ያናደዳት ወተቱ ነበር። የተወጋች ላም ወተት ለእርጎ ብታስቀምጠው ሦስት ቀን ቆይቶም እንደ ውኃ ያያታል፤ አይረጋም። «ወተቱ የፈራው ነገር እኔንስ ምን ሊያደርገኝ ነው?» ብላ ደፋችው። ካለፈው ዓመት ወዲህ ደግሞ መርፌው ራሱ መሥራቱን እየተወ መጣ።

ጥር ላይ ሰርካለም የምትባል የእንስሳት ሐኪም በሯን አንኳኳች። ገና ልጅ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማራለች፤ በአንድ ትከሻዋ ቦርሳ፣ በሌላው በረዶ የያዘ ሣጥን አንጠልጥላ ከቤት ቤት ወተት ስትለቅም ነው የከረመችው።

«እትዬ ሸዋረግ፣ ከዚህ ሰፈር ላሞች ጡት ያወጣሁት ጀርም ሦስት ዓይነት አንቲባዮቲክ ለምዷል» አለቻት። «እንደ ውኃ ነው የሚጠጣው። ሰው መርፌውን ያለ ሐኪም ይጀምረዋል፣ ሳይጨርስ ያቋርጠዋል፤ ጀርሙ ደግሞ ከዚያ ይማራል። ስለዚህ ያባቶቻችንን ቅጠል ልሞክር ብዬ ተነሣሁ። ሰፈሩ ሁሉ እርስዎን ነው የጠቆመኝ።»

ሸዋረግ ልጅቱን ወደደቻት። አመጣጧን፣ ትሕትናዋን፣ ሽልማትን ከመንካቷ በፊት እጇን መታጠቧን ወደደች። የወደዱትን እንግዳ ባዶ እጁን መመለስ ደግሞ ነውር ነው። በማግስቱ ማልዳ ወጣችና እቅፍ ሙሉ ቅጠል አምጥታ ሰጠቻት። አንዱም መድኃኒቱ አልነበረም።

«ከማን ተማሩት ብዬ ልጻፍ?» አለች ሰርካለም።

«ከአባቴ! አያ ማሩ በይ። የመካነ ብርሃኑ አያ ማሩ። አጥርተሽ ጻፊው።»

ስሕተቷ እዚህ ላይ ነው። ሐሰተኛውን ቅጠል ስትሰጥ እውነተኛውን ስም ሰጠች። የኖረችበት ደንብ ጠያቂን ማሳሳት ያውቃል እንጂ ጠያቂው የተሰጠውን ወስዶ ይፈትነዋል የሚል ነገር አያውቅም።

ሁለት ወር አልፎ ሰርካለም ቤተ ሙከራዋን እንድታይ ጋበዘቻት። ሸዋረግ የክት ቀሚሷን ለብሳ በባጃጅ ሄደች። ነጭ ካፖርት አለበሷት፤ እጅጌው ጣቶቿን ዋጠው፤ እሷም በመስኮቱ መስታወት ራሷን አይታ «ይባረክ አሁን ቢያየኝ መርፌ ልትወጋኝ ነው ብሎ ይሮጣል» ብላ ሣቀች። ሰርካለም ክዳን ያላት ትንሽ የብርጭቆ ሳህን አወጣች።

«ይኼ ጭጋግ የሚመስለው ጀርሙ ነው። የቅጠሉ ጭማቂ የሚሠራ ሲሆን በዙሪያው ንጹሕ ቀለበት ይታያል፤ ጀርሙ ወደዚያ አይጠጋም።»

«የኔ የቱ ነው?»

ሰርካለም በብዕሯ አሳየቻት። በዙሪያው ምንም ቀለበት አልነበረም። ጀርሙ እስከ አፋፉ ድረስ ተንፈላስሶ ተኝቷል።

«አይዘኑ፣ እትዬ። ብዙ ቅጠል እንዲህ ነው። ያልሠራውም ይጻፋል፤ ሌላ ሰው እንዳይደክምበት።» ከወረቀቷም አነበበችላት፦ «የመካነ ብርሃኑ አያ ማሩ፤ ለላም ጡት፤ ውጤት አላሳየም።»

ሸዋረግ ጆሮዋ ጋለ። «ይኼን ወረቀት ማን ያነበዋል?» አለች።

«መምህራኖቼ ያነቡታል። ከታተመ ደግሞ እስከ ውጭ አገር ድረስ ማንም ያነበዋል።»

«እስከ ውጭ አገር፤» አለች ሸዋረግ። «መቼ ነው የምታስረክቢው?»

«ከፋሲካ በኋላ፣ በሁለተኛው ሳምንት።»

«ዋሽቼሻለሁ» ማለት ፈለገች፤ ግን ካፖርቱን አውልቃ አጣጥፋ መለሰችላት። ወደ ቤቷ ስትመለስ ባጃጁ የት የት እንደዞረ አላወቀችም። ዝም ካለች የአባቷ ስም ከማይረባ ቅጠል ጋር ታስሮ ባሕር ይሻገራል። ከተናገረች የአባቷን መሐላ ታፈርሳለች፣ መድኃኒቱም ይረክሳል። የዚያን ቀን አመሻሽ ወተት ስታፈላ ገንፍሎ እሳቱን አጠፋው፤ በሠላሳ ዓመት ትዳር ይህ የመጀመሪያው ነው። ይባረክ ሽታውን ተከትሎ መጥቶ ፊቷን አየና ያሰበውን ቀልድ ዋጠው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነፍስ አባቷን ቄስ ሐብተ ማርያምን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጥግ አገኘቻቸው።

«አባ፣ ግዝት ይፍቱልኝ።»

«ማን ገዘተሽ?»

«አባቴ።»

«አባትሽ ካህን ነበሩ?»

«አልነበሩም። የከብት አዋቂ ነበሩ።»

«እንግዲያስ ግዝት አይደለም፤ አደራ ነው» አሉ ቄሱ፣ ነገሩን ሁሉ ከሰሙ በኋላ። «አደራን እኔ በመስቀሌ አልፈታውም። የአባት አደራ የልጆቹ ሁሉ ነው። ታላቅሽ ክንዱ አለ አይደለም? እሱን ጠይቂ። እሱ ተናገሪ ካለሽ፣ እኔ ደግሞ ስለ መሐላው የምትሰግጂውን እነግርሻለሁ።» መስቀላቸውን አሳለሟት። ከዚያ ግራ ቀኝ አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ለመሆኑ ቅጠሉ ምንድን ነው?»

«ግራዋ» አለች ሸዋረግ።

ወዲያው ደንግጣ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ቄሱ እስኪያስላቸው ሣቁ። «ይህስ ልማድ አይደለም፣ ደዌ ነው! ሂጂ፣ ሂጂ ደውዪለት!»

ክንዱ የሚኖረው መካነ ብርሃን አጠገብ ነው። ስልኩ የሚሠራው ከቤቱ በላይ ካለችው ጉብታ ላይ ሲወጣ ብቻ ስለሆነ እስኪገኝ ሁለት ቀን ፈጀ። ሲገኝ ከድምፁ ይልቅ የደጋው ነፋስ ይሰማ ነበር።

«አያ ክንዱ፣ እንደምን ሰነበትህ?»

«ሸጋ ነኝ። ሰዉም ከብቱም ሸጋ ነው። ምነው፣ ደህና አይደለሽም?»

«ፈቃድህን ልጠይቅ ነው። አባባ ሲሞት የሰጠኝ አደራ አለ፤ ላወጣው ነው።»

«የምን አደራ?»

«የቅጠሉን ነገር። የላም ጡቱን።»

«አባባ... ለአንቺ ነው የነገረሽ?»

«ለኔ ብቻ።»

«ኧረ ወዲያ! ለኔ ነው የነገረኝ! ሰዉን አስወጥቶ፣ በገብርኤል አስምሎ፣ ለአንተ ብቻ ብሎ!»

«ዋሾ! እንግዲያስ ስሙን በለው!»

«አንቺ በይው!»

«አልልም፣ ምያለሁ!»

«እኔስ አልማልሁም?»

እንግዲህ ሁለት የጎለመሱ ሰዎች፣ አንዱ ጉብታ ላይ ጋቢውን ነፋስ እየገፈፈው፣ አንዷ በረት ውስጥ በላሞች መካከል ቆማ፣ የአንድ ቅጠል ስም ሳይጠሩ ሊተማመኑ ተፋጠጡ።

«ቅጠሉ ሲዳሰስ ምን ይመስላል?» አለች ሸዋረግ።

«እንደ ከፈይ ለስላሳ። ግንዱ ግን ይዋጋል። አበባውስ?»

«ነጭ።» ስልኩን ወደ ጆሮዋ አጥብቃ ያዘች። «ሴት ምን ታደርግበታለች?»

«የወተት ዕቃ ታጥንበታለች።»

በመጨረሻ ክንዱ እንደ ታላቅነቱ ቀደመ። «ጥንጁት» አለ ቀስ ብሎ።

ከአባቷ አፍ ወዲህ ያን ስም በዚያ የምሥጢር ድምፅ ስትሰማ የመጀመሪያ ጊዜዋ ነበር። ዕለት ዕለት ከገበያ የምትገዛው፣ መናጫዋን የምታጥንበት፣ ማንም ሴት የምታውቀው ጥንጁት! መጀመሪያ የተሰማት ግን ደስታ አይደለም፤ ቅናት ነው። ስልኩን ዘጋችና በሽልማት አንገት ላይ ተደግፋ አለቀሰች። ያ ሁሉ ዓመት የሞቀችበት ነገር የክንዱም ነበር። «ለአንቺ ብቻ» ያሉት አባቷ ዋሽተዋታል።

እንባዋ ሳይደርቅ ስልኩ ጮኸ። ክንዱ ከጉብታው ሳይወርድ ለሁሉም ደውሎ ኖሯል። እኅታቸው ይርገዱ ናት፣ ከዛሪማ፤ ሰላምታ እንኳ አላስቀደመችም። «ለኔ ብቻ ነው ያለኝ! ሰማሽ? ለኔ ብቻ! የዛሪማን ላም ሁሉ ያዳንሁበት ምሥጢር ነው፤ አንቺን ማን ነገረሽ?» እሷን አባብላ ሳትጨርስ የሁሉም ታናሽ ሰውአገኝ ደወለ። ሰውአገኝ አይሱዙ ነጂ ነው፤ ላም ቀርቶ ዶሮ የለውም።

«እትዬ፣ እኔ ደግሞ ለምን ለኔ ብቻ ነገረኝ እያልሁ ሳስብ ነው የኖርሁ» አለ እያጉረመረመ። «ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በመንገድ ዳር ጥንጁት ባየሁ ቁጥር ፊቴን አዞራለሁ፤ ሳየው ሰው እንዳያውቅብኝ! አንድ ጊዜማ ተሳፋሪ ሴት እሱን ተሸክማ ልትገባ ስትል ደንግጬ ጥያት ሄጃለሁ!»

ሸዋረግ መሣቅ ጀመረች። ሣቋ ሆዷን ያዛት፣ ከተቀመጠችበት የማለቢያ በርጩማ ላይ አወረዳት። አባቷ ያረፉበት ሳምንት ትዝ አላት፤ አራቱም በየተራ ተጠርተው ወደ አባታቸው መኝታ ሲገቡ፣ በየተራ ከንፈራቸውን ገጥመው ሲወጡ። እሷ የመሬት ነገር መስሏት ነበር፤ እነሱም እንዲሁ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብለው አራት ሰዎች አንዱን ጥንጁት ከአራት በኩል ሲጠብቁት ኖሩ!

ይባረክ የወደቀች መስሎት እየሮጠ መጣ። ነገረችው። ፈገግ ይላል ስትል ተቆጣ። «እኔ እኮ እንዶድ ነው ስትይኝ አምኜሽ በየግንባታው ላገኘሁት ሁሉ እንዶድ ነው ስል ኖርሁ! አሁን በምን ፊቴ ልየው ሰዉን?» ከዚያ እሱም ተቀምጦ ሣቀ።

ክንዱ ፈቃዱን ሰጠ፤ «ተናገሪው፣ አባባ ቢቆጣ እኔን ይቆጣ» ብሎ። በማግስቱ ሸዋረግ እቅፍ ሙሉ ጥንጁት፣ ያለ ምንም ማሳቻ፣ ተሸክማ ሰርካለም ዘንድ ሄደችና ሳትቀመጥ ተናዘዘች። ሰርካለም መጀመሪያ ሣቀች። ቀጥሎ ሣቋ ፊቷ ላይ ደርቆ ቀረ።

«እትዬ ሸዋረግ... ሌሎቹስ?»

«ሌላ ስንት አዋቂ ጠየቅሽ?»

«ዐሥራ አንድ።»

«ዐሥራ አንዱም ማሳቻ ነው የሰጡሽ፣ ልጄ። እግዚአብሔር ያጽናሽ።»

ሰርካለም ካፖርቷን እንደለበሰች ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ሸዋረግንም ካደረሰችው ጥፋት ይልቅ የልጅቱ ፊት አንጀቷን በላው። መምህሯ ጊዜ ጨመሩላት፤ ሁለቱ ከዚያ በኋላ በባጃጅም በእግርም አብረው ዞሩ። ሰርካለም ስትጠይቅ ግራዋ ይባል የነበረው ሁሉ ሸዋረግ «እኔም ምዬ ነበር፤ ግን ተናገርሁት» ስትል ሌላ ስም አወጣ። ከዐሥራ አንዱ ስድስቱ እውነቱን ተናገሩ። ቢያንስ ሸዋረግ እንዲህ ታምናለች።

ግንቦት ላይ ያች የብርጭቆ ሳህን እንደገና ተከፈተች። ሸዋረግ በነጩ ካፖርት ውስጥ እጆቿን አጣምራ፣ ዓይኗን ጨፍና ቆመች። ስሙ ከአፏ ወጥቷል፤ እንደሚባለው ከሆነ ኃይሉ ሸሽቷል።

«ዓይንዎን ይክፈቱ፣ እትዬ» አለች ሰርካለም።

በጥንጁቱ ዙሪያ ቀለበት ነበር። ጠባብ ናት፤ ግን ጥርት ያለች፣ ጀርሙ ከዳሯ ቆሞ የቀረባት ቀለበት። ከጎኗ ሰዉ መስኮት ላይ የሚያስቀምጠው የመርፌ መድኃኒት ነበር፤ በሱ ዙሪያ ምንም የለም። ሌላ አንድ አዲስ መድኃኒት ደግሞ ከጥንጁቱ የሰፋ ቀለበት ነበረው። ሰርካለም በማስመሪያ ለካች። «ዐሥራ አንድ ሚሊሜትር» አለች። «ትንሽ ናት፣ ግን አለች። ይኼ በሳህን ነው እንጂ በላም ላይ ገና ነው፤ መጠኑም፣ ጉዳቱም ብዙ ዓመት ይጠናል።»

ሸዋረግ ይህን ሁሉ አልሰማችም። «አባባ» ነበር ያለችው፤ ልጅቱን አቅፋ በካፖርቷ ላይ አለቀሰች። በወረቀቱም ላይ የአያ ማሩ ስም ከቀለበቷ አጠገብ ተጻፈ።

ሰኔ ሲገባ የሰፈሩ ወተት አቅራቢዎች አዘዞ በአንድ አዳራሽ ተሰበሰቡ፤ ሰርካለም ያገኘችውን ልትነግራቸው። የሳህኖቹን ሥዕል አሳየች፣ እጅ ታጥቦ ስለማለብ ተናገረች፣ መርፌ ያለ ሐኪም እንዳይወጉ ለመነች፣ ቅጠሉም ገና በጥናት ላይ ስለሆነ የታመመች ላም ሐኪም እንዳትነፈግ አስጠነቀቀች። ከዚያ «ቅጠሉን ያስተማሩኝ እትዬ ሸዋረግ ይናገሩት» አለች።

ሸዋረግ ተነሣች። ነጠላዋን አስተካከለች። «ጥንጁት ነው» አለች፣ ባላት ድምፅ ሁሉ። «አባቴ አያ ማሩ የነገሩኝ ጥንጁት ነው።»

አዳራሹ አዳመጣት። አንዳንዱ ፈገግ አለ፣ አንዳንዱ በአክብሮት ራሱን ነቀነቀ። ማንም አልጻፈም። አንድ ሽማግሌ «እግዜር ይስጥልን» አሉና ተቀመጡ። ለስላሳ መታደል ተጀመረ። ሃያ ሁለት ዓመት የተቆለፈበት ምሥጢር ከጠርሙስ ክዳን ያነሰ ድምፅ አሰምቶ ወደቀ።

ለስላሳዋን ሳትጨርስ ባንቺአየሁ የምትባል አራት ላም ያላት ጎረቤቷ በነጠላዋ ጫፍ ስባ በአዳራሹ ጥግ ከተደረደሩት የወተት ጋኖች ኋላ ወሰደቻት።

«ሸዌ፣ ለነሱ ያልሻቸው ሸጋ ነው። አሁን ለኔ እውነቱን ንገሪኝ።»

«እውነቱን ነው የተናገርሁ!»

«ኧረ ባክሽ! ጥንጁት? ዕቃዬን የማጥንበትን? እኔ ልጅ ነኝ?»

ሸዋረግ ተናደደች። ሐሰት ስትናገር አመስግነዋት የሄዱ ሰዎች እውነት ስትናገር ዋሾ አደረጓት። ልትቆጣ አፏን ከፈተች። ከዚያ የባንቺአየሁን ዓይን አየች፤ ላሟ ታማባታለች፣ ጨንቋታል፣ አንድ ነገር ለእሷ ብቻ እንዲሰጣት ትፈልጋለች። ሸዋረግ ግራ ቀኟን ተመለከተች። የባንቺአየሁን ክንድ ያዘች፣ አፏን ወደ ጆሮዋ አስጠጋች።

«ከአፍሽ እንዳይወጣ» አለች በሹክሹክታ። «ለአንቺ ብቻ ነው። ጥንጁት።»

የባንቺአየሁ ፊት ተለወጠ። «እኔም እኮ ጠርጥሬ ነበር!» አለች። ከንፈሯን ገጥማ፣ ማንንም ሳትሰናበት ወጣች። ሸዋረግ ዘወር ስትል ሌላ ሰው ጋኖቹ አጠገብ ቆሟል፤ ለሱም እንዲሁ ነገረችው፣ እሱም አመነ። ከሱ ኋላ ሌላ ሴት መጣች።

አራተኛው ላይ ስትደርስ ግን «ለአንተ ብቻ ነው» የሚለው ቃል ከአፏ ሲወጣ በአባቷ ድምፅ ሰማችው። ትንፋሽ ያጠረው ሰው፣ ሊሞት ሦስት ቀን የቀረው ሰው፣ አንዱን ቃል አራት ጊዜ ተናግሯል፤ አራት ጆሮ አስጠግቶ፣ አራት ጊዜ አስምሎ። ሰብስቦ ቢነግራቸው ጥንጁት ብቻ ይሆን ነበር፤ ለየብቻ ሲነግራቸው ግን እያንዳንዱ ልቡን የሚያሞቅበት ነገር አገኘ። ላም የሌለው ሰውአገኝ እንኳ አልቀረበትም። ዋሽቶኛል ብላ ማልቀሷ ትዝ አላትና አፈረች፤ አባቷን በዚያች ሰዓት የወደደቻቸውን ያህል በሕይወት ሳሉም ወዳቸው አታውቅም።

ሰውዬው ግራ ተጋብቶ ያያታል። ሸዋረግ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገችና «ጠጋ በል» አለችው።